ሰው እስኪመጣ

ውሻውን «ሹም» ብሎ የሰየመው መካኒኩ ነው። ገና የአራት ወር ቡችላ ሳለ ሲጠሩት ቀና ብሎ ያያል፣ ነገሩን ያጤናል፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወደ ራሱ ጉዳይ ይሄዳል። በሥጋ ቢያባብሉት ያው፣ ቢቆጡት ያው። «ይሄስ ሹም ነው» አለ መካኒኩ፤ «ማመልከቻ አስገብተን መልሱን እንጠብቅ።» ስሙ በዚያው ጸና።

ዘሩ የበረዶ አገር አዳኝ ነው። ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ጅራቱ ጀርባው ላይ የተጠቀለለ፣ ጸጉሩ ድርብ፤ ላዩ ሻካራ ግራጫ፣ ሥሩ እንደ ጥጥ የታጨቀ። ክፋት የለበትም። አይናከስም፣ ከገበታ አያነሳም፣ እንግዳ ላይ አይዘልም። ችግሩ ትውልድ በትውልድ ከጌታው ርቆ፣ በጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ፣ ብቻውን እያሰበ እንዲሠራ ሆኖ መምጣቱ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥም ብቻውን ማሰቡን አልተወም።

የመካኒኩ ሚስት በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላና የሐኪም ጋውን ትተኩሳለች። ባሏ ደግሞ የበረዶው ወራት ሲገባ ፈቃዱን አሳድሶ፣ ጠመንጃውን ወልውሎ፣ ከሹም ጋር ጫካ የሚገባ ሰው ነበር። «እኛ ቤት ሁለት ተኳሽ አለ» ይል ነበር ለሰው ሁሉ፤ «አንዱ በጠመንጃ፣ አንዷ በካውያ። እኔ እስታለሁ፣ እሷ አትስትም።» ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ ተኳሿ ይላት ጀመር።

ተኳሿ ከሹም ጋር ስድስት ዓመት የኖረችው አንድ ደረጃ እንደሚወጡ ሁለት ጎረቤቶች ነው። ሰላምታ ነበራቸው፤ ከዚያ የዘለለ ነገር አልነበራቸውም። ምግቡን ታስቀምጣለች፣ እሱ እንዳላየ ያልፋል፣ እሷ ጀርባዋን ስትሰጥ ይበላል። «እኔ የሹሙ ጸሐፊ ነኝ» እያለች ትስቅ ነበር። ውሻው የባሏ ነበርና ነገሩ ብዙም አያሳስባትም።

በረዶው ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መካኒኩ ጋራዥ ውስጥ አንድ ከባድ መኪና ሥር እንደገባ ሳይወጣ ቀረ። የሥራ ጓደኞቹ እግሩን ይዘው ሲስቡት የፊቱ ግማሽ ወርዷል፤ መፍቻው ከቀኝ እጁ ወድቆ ደረቱ ላይ ተጋድሟል። ስትሮክ ነው ተባለ። የተኛው ሚስቱ በምትሠራበት ሆስፒታል ነበር። አንድ ቀን ከታጠበው ክምር ውስጥ የእሱ ዋርድ ምልክት ያለበት አንሶላ እጇ ገባ። የእሱ ይሁን የሌላ ሰው አታውቅም፤ ብቻ ሁለት ጊዜ ተኮሰችው።

ከሁለት ወር በኋላ ወደ ቤት መለሱት። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉም ይገባዋል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው። ምናልባት ሲወድቅ ሊላት ያሰበው የመጨረሻ ነገር ይሆናል፤ «ነገ»።

«ሾርባ ላምጣልህ?»

«ነገ።»

«ትራሱ ተመቸህ?»

«ነገ… ነገ!» ይልና የፈለገው ይሄ እንዳልሆነ ራሱ ሰምቶት በግራ እጁ ፍራሹን ይመታል።

ታላቅ እህቱ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ተኳሿ እትዬ ነው የምትላቸው። እሷ ሥራ ስትውል እሳቸው መጥተው ወንድማቸውን ይጠብቃሉ። እትዬ ልባቸው ሰፊ፣ አፋቸው ግን እንደ ምላጭ ነው። ከገቡበት ሰዓት አንስተው ጸጉር ይለቅማሉ፤ ከምንጣፉ፣ ከሾርባው፣ ከወንድማቸው ከንፈር። «ይሄ ውሻ ራሰ በራ እስኪሆን ድረስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል?» ይላሉ።

ትልቁ ጣጣ ግን ሙቀቱ ነበር። ሐኪሙ በሽተኛው እንዳይበርደው ብሎ አዟል፤ ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ይነዳል። ያ ድርብ ጸጉር ለባሽ ፍጡር ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ ይውላል፤ በመጨረሻ የበረንዳውን በር በጥፍሩ መቧጨር ይጀምራል። ሲከፍቱለት ቅዝቃዜው ይገባና መካኒኩ ያስላል። ሲዘጉበት በሩን ይፍቃል። በረንዳው ላይ ትተውት በሩን ሲዘጉ ደግሞ ፊት ለፊት ጣሪያ ላይ የሚሰፍሩትን እርግቦች አይቶ መጮህ ይጀምራል። ጩኸቱ እንደ ሌላ ውሻ አይደለም። አይቆጣም፣ አያለቅስም። ልክ እንደ መዶሻ፣ በአንድ ልክ፣ በአንድ ድምፅ፣ ሳይደክመው ሦስትና አራት ሰዓት ይጮኻል።

ውሻው ሥራ ለምዷል። በደህናው ጊዜ መካኒኩ ማለዳ ተነስቶ በብስክሌት እየነዳ ከተማው ጫፍ ድረስ ያስሮጠው ነበር። አሁን ያለችው ተኳሿ ናት። ከሥራ በፊት ገመዱን እጇ ላይ ጠምጥማ ትወርዳለች። እሱ ወደ ወደደው ይሄዳል፤ እሷ ትከተላለች። አንድ ማለዳ ድመት አየና ተወረወረ። እሷ በበረዶው ላይ በሆዷ ተንሸራታ እስከ መንገዱ ጥግ ደረሰች። ስትነሳ የቀኝ አንጓዋ አብጧል።

ላውንደሪ ውስጥ ትልቁን መተኮሻ ማሽን ሁለት ሴቶች አንሶላ ወጥረው ያጎርሱታል። ተኳሿ በአንድ እጇ ስትወጥር አንሶላው ተጣሞ ገባ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። አለቃዋ መጥታ ቆመች።

«ባለፈው ወር አራት ቀን ቀርተሻል። ገብቶኛል፣ በሽተኛ አለብሽ። አሁን ደግሞ እጅሽ። እኔም ከላይ የሚጠይቀኝ አለ።»

«ውሻው ነው የጎተተኝ።»

አለቃዋ ልትስቅ ብላ ተወችው። «ለውሻ ብለሽ ሥራ ልታጪ ነው?»

በዚያው ሳምንት ታች የሚኖረው ዳቦ ጋጋሪ በሩን አንኳኳ። ጎልማሳ ነው፤ ሌሊት ሲጋግር አድሮ ቀን ይተኛል። ዓይኑ ደም መስሏል፤ ቅንድቡ ላይ አሁንም ዱቄት አለ።

«እህቴ፣ ባልሽን እወደዋለሁ። መኪናዬን ስንት ጊዜ በነፃ ሠርቶልኛል። ግን ዘጠኝ ቀን ሆነኝ እንቅልፍ ካየሁ። ትናንት ከነሊጡ እቶን ውስጥ ልገባ ነበር፣ እውነቴን ነው። እባክሽ።»

ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ለመነና ልቧን ሰበረው። ኋላ ለሕንፃው ኃላፊ የከሰሰው ግን እሱ አልነበረም፤ ሌላ ጎረቤት ነው። የሕንፃው ኃላፊ ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ በአሥር ቀን ውስጥ ወይ ውሻው ይወጣል፣ ወይ ተከራዮቹ። አቀርቅሮ ሲያነብላት ሹም ደጃፉ ላይ ተጋድሞ ኃላፊውን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ከዚያ አዛጋ።

እትዬ ደብዳቤውን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እንግዲህ ምን ይጠበቃል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሽተኛው እንዳይሰማ። «ወይ ውሻው ወይ ወንድሜ። በዚህ ብርድ በሽተኛ ተሸክመሽ ቤት ፍለጋ ልትዞሪ ነው?»

«እሱ ከሰማ ይሞታል፣ እትዬ።»

«ታዲያ አትንገሪው። ሐኪም ጋ ነው በይው።»

ተኳሿ ጠየቀች፣ አስጠየቀች። ከከተማው በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ርቆ፣ ጫካ ዳር፣ እንጨት የሚሰነጥቁ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ ውሻ እንደሚፈልጉ ሰማች። ቅዳሜ ጠዋት በራሳቸው ፒክአፕ መጡ። ሹምን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «እንዲህ ያለውን ዘር ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጓሮዬ ሰፊ ነው፣ ልጄ። አታስቢ።»

ተኳሿ የፈራችው ውሻው እምቢ እንዳይል ነበር። እምቢ አላለም። የመኪናውን በር ሲከፍቱለት ዘሎ ጋቢና ውስጥ ተቀመጠ፣ ጆሮውን አቁሞ በፊት መስታወት ወደ መንገዱ አፈጠጠ። ባሏ ከወደቀ ወዲህ ውሻውን አንድ ቀን እንዲህ ደስ ብሎት አላየችውም። አደን የሚሄድ መስሎታል። መኪናው ሲነሳ እንኳ ዞር ብሎ አላያትም። ተኳሿ ደረጃው ሥር ቁጭ ብላ፣ የተጎዳውን እጇን ጉያዋ ከታ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

ስትገባ መካኒኩ በሩን እያየ ነበር።

«ሐኪም ጋ ነው» አለችው። «እግሩን ትንሽ አሞታል። ይመልሱታል።»

«ነገ?» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ ከቦታው ገባ።

«አዎ፣ ነገ» አለችው።

በማግስቱ ጠየቃት። በሦስተኛው ቀን መጠየቁን ተወ። ማንኪያውን ወደ አፉ ስታቀርብ ከንፈሩን ገጠመ። መጀመሪያ የሆድ ነገር መሰላት። በአራተኛው ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ውኃ እንኳ በስንት ልመና ነው። እትዬ ሲያባብሉ፣ ሲቆጡ፣ በልጅነት ስሙ ሲጠሩት ዋሉ። ተኳሿ ከሥራ ስትገባ እኒያ ምላስ የማይቸግራቸው ሴት ወጥ ቤት ውስጥ የቀዘቀዘ ሾርባ ይዘው ቆመው አገኘቻቸው።

«አውቋል» አሉ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አምጪው። አምጪልኝና ጸጉሩን እየበላሁ እኖራለሁ።»

ተኳሿ ስልኳን አንስታ ደወለች። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አላነሱም። ሲያነሱ ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነ።

«ልጄ፣ ልደውልልሽ እያልኩ ስልኩን እያነሳሁ ስጥል ነበር። በመጣ በማግስቱ አጥሩን ሥር ሥሩን ቆፍሮ ወጣ። እስከዛሬ ፈልጌዋለሁ። ይመለሳል ብዬ… በረዶው ደግሞ ጨመረ።»

«እየመጣሁ ነው» አለች ተኳሿ። ስልኩን ዘግታ ካፖርቷን ለበሰች። ለአለቃዋ ደወለችና ነገም፣ ምናልባትም ከነገ ወዲያም እንደማትገባ ነገረቻት። አለቃዋ «እንግዲያው ዕቃሽን ማን ይውሰድልሽ?» አለቻት። ነገሩ እንዲህ ነው ያለቀው፤ የአሥራ አንድ ዓመት ሥራ።

ጫካው ዳር ስትደርስ ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው፣ ባትሪ ይዘው መንገድ ላይ ይጠብቋት ነበር። በዚያው ገቡ። በረዶው ከጉልበት በላይ ነው። «ሹም! ሹም!» እያለች ተጣራች። ስሙ ዛፎቹ መካከል ገብቶ ይቀራል። በደህናው ቀን ሲጠሩት የማይመጣ ውሻ አሁን ይመጣል ብላ መጣራቷ ለራሷም አስቂኝ ሆነባት፤ ግን ሌላ ምን ታውቃለች? ሌሊቱ ሲገፋ ሽማግሌው እጇን ይዘው መለሷት። እግሯ ደንዝዞ ጫማዋን ማውለቅ አቃታት፤ ተንበርክከው አወለቁላት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከወንዙ ማዶ ነፋስ ሲመጣ ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። «እስቲ ዝም በይ።»

ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ በአንድ ልክ የሚመታ ነገር ተሰማ። መዶሻ ይመስላል። ግን የተሰነጠቀ መዶሻ።

«እሱ ነው!» ተኳሿ ልትሮጥ ስትል በረዶው ውስጥ ወደቀች።

«ቀስ» አሉ ሽማግሌው። ፊታቸው ግን ደስታ አልነበረበትም። «ይሄ ጩኸት አንድ ነገር አግኝቶ አቁሟል ማለት ነው። ይሄ ዘር አውሬውን አይገድልም። ያገኘዋል፣ መሄጃ ያሳጣዋል፣ ፊት ፊቱን እየዞረ ይጮኻል፤ ሰው እስኪመጣ። ሰው ሲመጣ ወደ ማዶ ዞሮ አውሬውን ወደ ራሱ ያዞረዋል፣ ተኳሹ የተመቸ ጎን እንዲያገኝ።»

«ሰው ካልመጣስ?»

ሽማግሌው ጥቂት ተራመዱ። «ሰውማ ይመጣል ብሎ ነው የሚጮኸው» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ይመስልዎታል?»

«ድምፁን ስሚው፣ ልጄ። የዛሬ ብቻ ጩኸት እንዲህ አያደርግም።»

ወንዙን በበረዶው ላይ ተሻገሩ፤ ከሥራቸው ውኃው ሲሄድ ይሰማል። ዳገቱን ወጥተው ከአንድ ቋጥኝ ሥር አዩዋቸው። አንድ ግዙፍ ቀንዳም አጋዘን፣ የኋላ እግሩ ተሰብሮ፣ ጀርባውን ለቋጥኙ ሰጥቶ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ሹም። ዙሪያው ያለው በረዶ ተረግጦ ተረግጦ ድንጋይ ሆኗል፤ የሹም መዳፎች ያረፉበት ሁሉ ቀይ ነው። ያ ድርብ ጸጉር ሆዱ ላይ በበረዶ ተጣብቆ ደርቋል። አፉን ይከፍታል፣ ግማሹ ይወጣል፣ ግማሹ ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ሹም» አለች ተኳሿ።

ጆሮው ወደ እሷ ዞረ። በስድስት ዓመት ውስጥ በእሷ ድምፅ ያ ጆሮ እንዲህ ሲዞር አይታ አታውቅም። ሰው መጣ። ውሻው የቀረችውን ጉልበት ሰብስቦ፣ ሽማግሌው እንዳሉት፣ በዝግታ ወደ ማዶ ዞረ። አጋዘኑም ቀንዱን ይዞ ተከተለው። ሰፊው ጎኑ ለተኳሿ ግልጥ አለ። ሹም ሥራውን ጨረሰ።

እሷ ባዶ እጇን ቆማለች።

«ና!» አለች። «ና የኔ ጌታ፣ በቃ፣ ተወው፣ ና!»

ሹም ጠበቀ። የሚጠብቀው የጥይት ድምፅ አልመጣም። ጥቂት ቆይቶ፣ ምን እስኪሆን ነው የሚል ያህል፣ ጭንቅላቱን ወደ እሷ አዞረ። ዓይኑን ከአውሬው ላይ ያነሳው ያኔ ብቻ ነው። የአጋዘኑ የፊት ሰኮና ያን ጊዜ አረፈበት።

ተኳሿ ኋላ ላይ ስትናገር እንዴት እንደደረሰች አታስታውስም። ሽማግሌው ናቸው የሚያስታውሱት። እሳቸው በዱላቸው ዛፍ እየደበደቡ አውሬውን ሊያስደነግጡ ሲጮኹ፣ እሷ በጉልበቷ እየዳኸች ከሰኮናው ሥር ገብታ፣ ውሻውን በአንገቱ ጸጉር ይዛ፣ በዚያ ባበጠ እጇ ጎትታ አወጣችው። አጋዘኑ ሌላ ጊዜ አልመታም። እሱም ደክሞት ነበር። ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። በኋላ ሽማግሌው ለደን ጠባቂዎች ደውለው ከስቃዩ አሳረፉት።

ሹም አልጮኸም፣ አላቃሰተም። በካፖርቷ ጠቅልለው በሁለት ጫፍ ይዘው ተሸከሙት። በሕይወቱ ሙሉ እንዲሸከሙት ፈቅዶ የማያውቅ ውሻ፣ አሁን ካፖርቱ ውስጥ ተጋድሞ ሰማዩን ያያል። ሹራብ ብቻ ለብሳ ስትራመድ ብርዱ አልተሰማትም። «ወይኔ ያልመጣሁት» ትላለች በየእርምጃው፤ «ወይኔ ቶሎ ያልመጣሁት።» ሽማግሌው አንድ ቦታ ላይ ቆመው «በቃ ልጄ፣ ትንፋሽሽን ለመንገዱ ያዢው» አሏት፤ ራሳቸው ግን ጢማቸው ላይ እንባ በርዶ ነበር።

በአቅራቢያው ባለች ትንሽ ከተማ የእንስሳት ሐኪም አገኙ። ወጣት ሴት ናት። ለሦስት ሰዓት ያህል በሩን ዘግታ ስትሠራ ቆየችና ጓንቷን እያወለቀች ወጣች። ዳሌው ተሰብሯል፣ ሦስት ጎድኑም። አንዱን የኋላ እግር ማትረፍ አልቻለችም። «ይኖራል» አለች፣ «አደን ግን የለም። ሩጫም የለም። ይሄ ዘር ደግሞ ይሄን መሸከም ይከብደዋል። ልታስቢበት የምትፈልጊ ከሆነ…»

«የማስብበት ነገር የለም» አለች ተኳሿ። የቀድሞዋ ተኳሽ ብትሆን ታስብ ነበር።

ከስድስት ቀን በኋላ ሽማግሌው በፒክአፓቸው አደረሷቸው። የሕንፃው ኃላፊ የሰጠው ቀን አልፏል። ዳቦ ጋጋሪው ደረጃው ሥር ሲጠብቅ አገኙት፤ ከእንቅልፉ በጩኸት ሳይሆን በራሱ ፈቃድ የተነሳ ነበር። ምንም ሳይናገር ሹምን እንደ ሊጥ ጆንያ በሁለት ክንዱ አቅፎ ሦስቱን ፎቅ ወጣ።

እትዬ በሩን ከፍተው ቆመዋል። ክፍሉ ግማሽ ባዶ ነበር፤ ልብሶቹ በካርቶን ታስረዋል። «ቤቴ ምድር ላይ ነው፤ ጓሮም አለው» አሉ፣ እንደሚቆጣ ሰው። «ለሃያ ዓመት ብቻዬን የኖርኩበት ቤት ነው፤ ምን ሊሆነኝ እንደጠበቅሁት አላውቅም። ከሰኞ ጀምሮ ሁላችሁም እዚያ ናችሁ። አፍሽን ያዢ፣ እንዳታመሰግኚኝ።»

መካኒኩ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። በእነዚያ ቀናት እህቱ «ሄዳለች፣ ልታመጣው ነው» ብለው ስለነገሩት ሾርባ ቀምሷል፤ ጉንጩ ግን ገብቷል፣ ጢሙ አድጓል። ዳቦ ጋጋሪው ውሻውን አልጋው አጠገብ አኖረው። መካኒኩ የታሸገውን ዳሌ አየ፤ የሌለውን እግር አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ።

ተኳሿ ልትዋሽ ትችል ነበር። መኪና ገጨው ብትል ማንም አያጋልጣትም። እትዬም ከኋላዋ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ተይው ማለታቸው ነው።

«ሐኪም ጋ አልነበረም» አለችው። «ለሰው ሰጠሁት። አቃተኝ፤ እጄም አቃተኝ፣ ቤቱም አቃተኝ፣ ሰጠሁት። አምልጦ ጫካ ገባና አጋዘን አቆመ። ሁለት ቀን ይሁን ሦስት ቀን አላውቅም፤ ድምፁ እስኪያልቅ ጮኸ። ስደርስ ጎኑን አዞረልኝ። እንድተኩስ። ባዶ እጄን ነበርኩ። ወደ እኔ ሲዞር ነው የተመታው። እኔን ሲያይ።»

 የመካኒኩ ግራ እጅ አልጋው ላይ ነበር፣ እጇ አጠገብ። ቀስ ብሎ አነሳውና ወደ ራሱ ሳበው። ያቺን አንዲት ቃሉን እንኳ ነፈጋት።

ሰኞ ወደ እትዬ ቤት ገቡ። ለሹም ማሞቂያ የሌለባት የጓሮዋ መጋዘን ደረሰችው፤ በሯ ክፍት ነው። በሦስት እግር መቆም በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጀመረ። ሲወድቅ ሊያነሱት ቢሄዱ ያጉረመርማል፤ ብቻውን ይነሳል። ተኳሿ ከሰፈሩ ሸሚዝና መጋረጃ እየተቀበለች መተኮስ ያዘች፤ አንጓዋ እንደ ድሮው አልሆነም፣ ግን ይሠራል። እሷ ምግብ ስታቀርብ ባሏ ይበላል፣ ስታገላብጠው ይገላበጣል። ዓይኑን ግን አይሰጣትም። እትዬ ሲገቡ ፊቱ ይፈታል፤ እሷ ስትገባ ይዘጋል። እሷም አልለመነችውም። አንዳንድ ቀን መጋዘኗ ደጃፍ ላይ ከውሻው ሁለት ክንድ ርቃ ትቀመጥና ሁለቱም በረዶውን ያያሉ።

እንዲህ ሆኖ ከወር በላይ ሄደ። አንድ ጠዋት እትዬ ገበያ ወጥተው ነበር። ተኳሿ ትኩስ ውኃ በሳህን፣ ሳሙናና ምላጭ ይዛ ገባች። ጢሙን የሚላጩት እህቱ ነበሩ፤ የእሷን እጅ ስለማይፈቅድ። ሳህኑን ወንበር ላይ አኑራ፣ እትዬ እስኪመጡ ልተወው ይሆን እያለች ፎጣውን በእጇ ይዛ ቆመች።

መካኒኩ ለጥቂት ጊዜ መስኮቱን አየ። ከዚያ ዓይኑን ሳያዞር አገጩን ወደ ላይ ቀና አደረገላት። ተኳሿ ፎጣውን አንገቱ ላይ አኖረች፣ ሳሙናውን ቀባች፣ በግራ እጇ ጉንጩን ወጠር አድርጋ፣ በጣም በቀስታ፣ ከጆሮው ሥር ጀመረች።